አንድ መንገድ፣ ብዙ ካዝና

የኢትዮጵያ ዋና ዋና መንገዶች በአንድ ካዝና ገንዘብ ብቻ የተሠሩበት ዘመን የለም ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጎሐ ጽዮን አድርጎ ደጀን የሚደርሰው ጎዳና የታደሰው በጃፓን መንግሥት እርዳታ ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ከወጪው ከግማሽ የሚበልጠው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር፣ ቀሪው በመንግሥት በጀት ተሸፍኗል። ሌሎቹን የዓለም ባንክ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ የአውሮፓ ኅብረትና የዓረብ አገሮች የልማት ፈንዶች ደግፈዋል፤ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየገዘፈ የሄደውን ድርሻ ደግሞ የአገሪቱ ግብር ከፋይ ተሸክሞታል። ወደ ታች ስንወርድ የክልል ድጎማ፣ የወረዳ በጀት፣ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ የጥገና ክፍያ፣ የሴፍቲኔት ሥራና የገበሬው ጉልበት ይጨመራሉ። እያንዳንዱ የገንዘብ ምንጭ የራሱ የግዥ ደንብ፣ የራሱ የሪፖርት ቅጽና የራሱ ጌታ አለው። እነዚህን ሁሉ አስማምቶ አንድ መንገድ የማውጣት ሥራ በአገራችን ከ70 ዓመት የሚበልጥ ታሪክ ያለው ሲሆን፣ የታሪኩ ዋና መሥሪያ ቤት ሕዝቡ እስከ ዛሬ «አውራ ጎዳና» እያለ የሚጠራው ነው። ከዚህ ታሪክ የማገኘው ትምህርት አንድ ነው። ቅንጅት የተገኘው ገንዘቡን ሁሉ አንድ ካዝና ውስጥ በመክተት አልነበረም፤ አበዳሪው ከመምጣቱ በፊት የተዘጋጀ የአገር ዕቅድ ሲኖርና እያንዳንዱ ገንዘብ የትኛውን ሥራ እንደሚሸፍን በሕግ ሲወሰን ነው። ሁለቱ በጎደሉበት ቦታ ገንዘብ ቢበዛም መንገዱ አልሰነበተም።

የመሥሪያ ቤቱ መነሻ 1943 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት ለጦሩና ለአስተዳደሩ ሲል የዘረጋቸው መንገዶች ከነጻነት በኋላ የሚጠግናቸው አጥተው እየፈረሱ ነበር። መንግሥት የሚያድስበት የውጭ ምንዛሪም ሆነ የሠለጠነ ባለሙያ አልነበረውም። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ጊዜ ለልማት ባንክ 2 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ባንኩ ለአንድ አፍሪካዊ አገር ሲያበድር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ብድሩን ተከትሎ በአዋጅ ቁጥር 115 የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ባለሙያዎችም ለዓመታት ሥራውን አብረው መሩት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ባለሥልጣኑ የተወለደበት ምክንያት ነው። አበዳሪው ገንዘቡ በሚኒስቴር ውስጥ ካለ ሌላ ወጪ ጋር እንዳይቀላቀል፣ የመንግሥት ድርሻም በየዓመቱ ሳይጓደል እንዲመደብ ይፈልግ ነበር። የራሱ በጀት፣ የራሱ መሣሪያና የራሱ ሠራተኛ ያለው ባለሥልጣን የተፈለገው የውጭውን ብድርና የውስጡን በጀት በአንድ የሥራ መዝገብ ላይ ለማገናኘት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውራ ጎዳና መንገድ ሠሪ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ አገናኝም ነበር።

ይህ አደረጃጀት ለዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሠራ። በ1949 ዓ.ም. ሁለተኛው የ15 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተከተለ፤ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና ኦፕሬተሮች በሥራው ላይ ሠለጠኑ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጠረፍና ወደ ቡና አምራቹ ደቡብ ምዕራብ የሚወጡት መስመሮች ተጠናከሩ። ነገር ግን ቅንጅቱ የአበዳሪውን ሚዛን ተከትሎ የተሠራ ስለነበር የአበዳሪው ሚዛን ያላየውን አላየም። ብድር የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ ቅድሚያ ያገኘው ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ያለበት አካባቢ ነበር። ወደ ውጭ የሚልከው የሌለው፣ ለቤቱና ለቅርብ ገበያው የሚያርሰው የደጋ ገበሬ ከእነዚህ መስመሮች ርቆ ቀረ። መንገድ ያልደረሰበት አገር እህል ሲጠፋበት የሚደርስለት አይኖርም፤ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ይህን በሚያሳዝን ሁኔታ አሳይቷል። ለረሃቡ ተጠያቂው የመንገድ እጦት ብቻ አልነበረም፤ ረሃቡን የመደበቅ ፖለቲካውና የመሬት ሥርዓቱ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም የገጠር መንገድ የማንም ገንዘብ ኃላፊነት እንዳልነበረ አይካድም። የገንዘብ ቅንጅት ውጤት የሚለካው በተሠራው መንገድ ብቻ አይደለም፤ በየትኛውም ገንዘብ ሳይታቀፍ በቀረው መንገድም ነው።

ደርግ ችግሩን በመዋቅር ሊፈታው ሞከረ። የገጠር መንገድ ሥራ ተስፋፋ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም የኢትዮጵያ ትራንስፖርት ኮንስትራክሽን ባለሥልጣን የሚባል ግዙፍ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ መንገድን ከሌሎች የትራንስፖርት ግንባታዎች ጋር አጠቃለለ። ሐሳቡ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆነ መሣሪያውም ባለሙያውም ገንዘቡም ይቀናጃል ይላል። በተግባር የሆነው ግን ሌላ ነው። የጥገና በጀት ከአዳዲስ ግንባታዎች ጋር በአንድ ቋት ውስጥ ሆኖ ሲሻማ ሁልጊዜ ተሸናፊ ሆነ፤ ምክንያቱም ጥገና የሚመረቅ ነገር የለውም። የእርስ በርስ ጦርነቱ በጀቱን በላ፤ ምዕራባውያን አበዳሪዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። ጦርነቱ ሸክሙን እንዳከበደው ግልጽ ነው። ነገር ግን ሰላም ከወረደ በኋላም እንኳ በ1989 ዓ.ም. አገሪቱ የነበራት 26,550 ኪሎ ሜትር መንገድ ብቻ ሲሆን፣ ከዚህም በደህና ሁኔታ ላይ የነበረው 22 በመቶው ብቻ ነበር። መሥሪያ ቤትን ከመሥሪያ ቤት መቀላቀል ገንዘብን ከገንዘብ እንደማያቀናጅ ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ አላውቅም።

የለውጡ ዘመን የጀመረው በ1985 ዓ.ም. ነው። በአዋጅ ቁጥር 63/1985 የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን እንደገና ራሱን ችሎ ሲቆም የገጠር መንገዶች ወደ ክልሎች ወረዱ፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የገጠር መንገድ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። አራት ዓመት ቆይቶ በ1989 ዓ.ም. ሦስት ነገሮች በአንድነት መጡ፦ የመንገድ ፈንድን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 66/1989፣ ባለሥልጣኑን በቦርድ የሚመራ አድርጎ ያደራጀው አዋጅ ቁጥር 80/1989፣ እና የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥ የአሠራር ለውጥ አመጣ። ቀድሞ እያንዳንዱ ለጋሽ የወደደውን መንገድ መርጦ፣ የራሱን ጥናት አስጠንቶ፣ ፕሮጀክቱን ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን መንግሥት የአገሪቱን የመንገድ ፍላጎት በዓመታት ከፋፍሎ፣ በቅደም ተከተል ደርድሮ፣ የእያንዳንዱን መስመር ወጪ ገምቶ አቀረበ፤ ለጋሾችም ከዝርዝሩ ውስጥ የሚሸፍኑትን መረጡ። ጃፓን አንዱን ብታነሳ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ ሌላውን ቢይዝ፣ ማንም ያልመረጠው ደግሞ ለመንግሥት በጀት ቢቀር፣ ሦስቱም የአንድ ካርታ ቁራጮች ነበሩ። አፈጻጸሙ በየጊዜው በጋራ ይገመገም ነበር። መተማመኑ ሲያድግ የአውሮፓ ኅብረት ከነጠላ ፕሮጀክት ድጋፍ አልፎ ለዘርፉ በጀት በቀጥታ እስከመስጠት ደርሷል። የግዥ ደንቦቹ አንድ አልሆኑም፤ የአበዳሪው ይሁንታ እስኪመጣ መጠበቅም አልቀረም። ግን የት ይሠራ የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ነበር።

የመንገድ ፈንዱ ደግሞ ለሁለተኛው ክፍተት፣ ማለትም ለጥገና ተለይቶ የተመደበ ገንዘብ ላለመኖሩ፣ ሕጋዊ መልስ ሰጠ። አዋጁ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ በሊትር የሚሰበሰብ ክፍያ፣ በተሽከርካሪ የአክስል ክብደት ላይ የተመሠረተ ዓመታዊ ክፍያና ከልክ በላይ ለጫነ ተሽከርካሪ የሚጣል ቅጣት ለጥገና ብቻ እንዲውሉ ደነገገ። ገቢው በአመዛኙ ከነዳጅ ይመጣ ነበር። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ለፌዴራል መንገዶች፣ ቀሪው ለክልሎችና ለከተሞች እንዲከፋፈል ተደረገ። የሐሳቡ ጥንካሬ ቀላልነቱ ነው። መንገዱን የሚያደክመው ተጠቃሚው ስለሆነ የሚያሳድሰውም እሱ ነው፤ የሚከፍለው ገንዘብም በየዓመቱ ሰኔ ላይ ከትምህርት ቤት፣ ከጤና ጣቢያና ከአዲስ ግንባታ ጋር ለሽሚያ አይቀርብም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ክልልና ከተማ ከአንድ የጋራ ምንጭ የታወቀ ድርሻ ማግኘታቸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱ የመንግሥት እርከኖች ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድመው ማወቅ ቻሉ። ያለ ዕቅድ ገንዘብ እንደሚባክን ሁሉ፣ መጠኑ በማይታወቅ ገንዘብም ዕቅድ አይወጣም።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ2007 ዓ.ም. የመንገድ መረቡ ወደ 110 ሺህ ኪሎ ሜትር አድጎ ነበር፤ በ18 ዓመት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በደህና ሁኔታ ላይ ያለው ድርሻም ከ22 በመቶ ወደ 70 በመቶ ገደማ ደረሰ። እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፦ ይህን ያመጣው ቅንጅት ሳይሆን ገንዘብ ነው፤ ኢኮኖሚው አደገ፣ ብድር ረከሰ፣ መንግሥት ለመንገድ ቅድሚያ ሰጠ፤ ተቋማቱ ባይኖሩም መንገዱ ይሠራ ነበር የሚል። የተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው። የኢኮኖሚው ዕድገትና የፖለቲካ ውሳኔው ባይኖሩ ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በቀረ ነበር። ግን ገንዘብ ብቻውን የሚያብራራው የመንገዱን ርዝመት እንጂ ሁኔታውን አይደለም። የመንገድ መረብ እንዲህ በፍጥነት ሲያድግ የተለመደው ነገር አሮጌው እየፈረሰ መሄዱና የደህናው ድርሻ ማሽቆልቆሉ ነው። እዚህ ርዝመቱም ደህናነቱም አብረው መጨመራቸው የሚያሳየው ለጥገና የተለየው ገንዘብ ለጥገና መዋሉን፣ የተበላሹት ዋና መስመሮችም በዕቅዱ ቅደም ተከተል መሠረት አስቀድመው መታደሳቸውን ነው። በዘፈቀደ የመጣ ገንዘብ ይህን አያደርግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገንዘብ ባለሙያዎች የሚመጣ ነው። ለአንድ ሥራ ብቻ ታስሮ የሚቀመጥ ገቢ የበጀትን አንድነት ያፈርሳል፤ የሕዝብ ተወካዮች በዓመቱ ይበልጥ አንገብጋቢ ለሆነው ነገር እንዳያውሉት ያግዳል፤ መንገድ ፈንድ ካገኘ ነገ ውኃውም ትምህርቱም የየራሱን ፈንድ ይጠይቃል ይላሉ። ይህ ክርክር በመርህ ደረጃ ትክክል ስለሆነ ለማንኛውም ዘርፍ ፈንድ ይቋቋም የሚል ሐሳብ አልደግፍም። ጥገና ግን የተለየ ባሕርይ አለው። አንድ ዓመት የተዘለለ ጥገና የዓመቱን ወጪ አያተርፍም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙ እጥፍ የሚያስከፍል ሙሉ እድሳት ሆኖ ይመለሳል። ዛሬ የሚወስነው ምክር ቤት የሚያተርፈው፣ ነገ የሚመጣው የሚከፍለው ዕዳ ስለሆነ ዓመታዊ በጀት በተፈጥሮው ያዳላበታል። ሕጉ ያሰረው ይህን አድልዎ ነው። የፈንዱ እውነተኛ ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ክፍያው በሊትር በሳንቲም የተቆረጠ በመሆኑ የአስፋልትና የመሣሪያ ዋጋ ሲንር እሱ ባለበት ቆመ፤ መረቡ በአራት እጥፍ ሲያድግ ገቢው በዚያው ልክ አላደገም። ተቃዋሚዎቹ ፈንዱ ብዙ ገንዘብ ያስራል ብለው ሰጉ፤ ዛሬ የሚያሳስበው ግን የታሰረው ገንዘብ ለጥገናው የማይበቃ መሆኑ ነው።

ቅንጅቱ ይበልጥ የተፈተነው በፌዴራል ሥርዓቱ ውስጥ ነው። ክልሎች ከሚያወጡት ውስጥ አብዛኛው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ከሚከፋፈለው ድጎማ ይመጣል፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ክልሎች ከዚያ ላይ ለወረዳዎች ያወርዳሉ። የውጭ እርዳታ ደግሞ በሦስት መስመር ይመጣ ነበር፤ ገንዘብ ሚኒስቴርና የክልል ፋይናንስ ቢሮዎች «ቻናል አንድ»፣ «ቻናል ሁለት» እና «ቻናል ሦስት» ይሏቸዋል። የመጀመሪያው በመንግሥት ግምጃ ቤት፣ ሁለተኛው በዘርፍ መሥሪያ ቤቶች፣ ሦስተኛው ከለጋሹ በቀጥታ ወደ ሥራው ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ ለአንድ ክልል የመጣ እርዳታ ከድጎማው ይቀነስበት ነበር። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ለጋሽ የበዛለት ክልል ከሌሎቹ በላይ እንዳይጠቀም ያደርጋል። ውጤቱ ግን ክልሉ ያገኘውን ገንዘብ እንዳያሳውቅ፣ በሦስተኛው መስመር የሚመጣውንም እንዲመርጥ ማድረግ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም የብዙ ለጋሾችን ገንዘብ በድጎማው ቀመር በኩል ወደ ወረዳ ማውረድ ሲጀምርና ኋላም የገጠር መንገድን ሲጨምር ይህ ክፍተት ጠበበ። የሴፍቲኔት ፕሮግራሙም በምግብ እጥረት በሚጠቁ ወረዳዎች የማኅበረሰብ መንገድ አሠራ።

ከዚያ በ2003 ዓ.ም. ሁሉን አቀፍ የገጠር ተደራሽ መንገድ ፕሮግራም መጣ። ግቡ ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ሠርቶ ሁሉንም ቀበሌ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ማገናኘት ነበር። የፌዴራል ልዩ ድጋፍ፣ የክልል በጀትና የነዋሪው ጉልበት ተጣምረው፣ ክልሎች ያደራጇቸው አነስተኛ ሥራ ተቋራጮች ሠሩት። ለግንባታ ገንዘብን ከላይ እስከ ታች በማቀናጀት ረገድ በአገሪቱ ታሪክ የሚወዳደረው የለም። ብዙ እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ብዙ እህልን ወደ ገበያ አድርሷል። ድክመቱ ከተመረቀ በኋላ ታየ። መንገዱ የማን ነው ሲባል መልሱ ወረዳ ሆነ፤ ወረዳው ግን ከበጀቱ አብዛኛውን ለደሞዝ ስለሚያወጣ ለግሬደርና ለቱቦ የሚተርፈው የለውም። የመንገድ ፈንዱ ድርሻ እስከ ቀበሌ መንገድ አልዘለቀም። ስለዚህ የጠጠር መንገዱ በጥቂት ክረምት ውስጥ በጎርፍ ተቆረጠ። በ1989 ዓ.ም. ለዋና መንገዶች የተፈታው ችግር ከ14 ዓመት በኋላ በታችኛው እርከን እንደገና ተወለደ፤ ግንባታው ሦስት አባት ሲኖረው ጥገናው አንድ እንኳ አልነበረውም።

ተመሳሳይ ክፍተት በሁለት ሌሎች ቦታዎች ይታያል። አንደኛው የወሰን ማስከበር፣ ማለትም መንገዱ ለሚያርፍበት መሬት ካሳ ከፍሎ ቦታውን ነጻ የማድረግ ሥራ ነው። የውጭ አበዳሪ በአብዛኛው ለግንባታ እንጂ ለካሳ አይከፍልም፤ ካሳው ለመንግሥት በጀት ይቀራል። የካሳው መጠን ሲተመን ገንዘቡ በሌላ በኩል ስለሚመጣ የሚገምተውና የሚከፍለው የተለያዩ አካላት ሆኑ። ገማቹ ክልል ወይም ወረዳ፣ ከፋዩ ፌዴራል በመሆኑ ግምቱን የሚገታ አልነበረም፤ ፕሮጀክቶች ሥራ ተቋራጩ እየጠበቀ ለዓመታት ተጓተቱ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ የካሳ ክፍያን ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ማዛወሩ ሌላ ጫፍ ላይ የቆመ መልስ ነው፤ ግምቱን ሊገታ ይችላል፣ ግን ገቢው ለቀጨጨ ክልል ተጓዳኝ ገንዘብ ካልታሰበለት ካሳ የሚያጣው ገበሬው ነው። ሁለተኛው የብድር ዘመን ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ለረጅም ዘመን የሚያገለግል ሀብት ሆኖ ሳለ በአሥር ዓመት በሚመለስ ብድር ተሠርቶ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የመክፈያው ጊዜ ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ድርድር አስፈልጓል። የገንዘብ ምንጭን ከሥራው ጋር ማጣጣም መጠኑን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም ማጣጣም ነው።

በመጨረሻ የሚነሳው ተቃውሞ ከሁሉም ይበልጥ ክብደት አለው። ዕቅድ ሁሉ ከመሐል ከወጣ፣ ገንዘቡም በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት እጅ ከተዘዋወረ፣ ቅንጅት ማለት ለማዕከል መገዛት አይሆንም ወይ? የ1943ቱ አበዳሪ ለአገሪቱ እንደወሰነላት ዛሬ ማዕከሉ ለክልሎች ቢወስን ምን ልዩነት አለው? ይህ ሥጋት ከታሪኩ የመነጨ ስለሆነ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ልዩነቱን የሚያመጣው የዕቅዱ ባለቤት ማን እንደሆነና ሕጉ ለማን ድርሻ እንደሚሰጥ ነው። የመንገድ ፈንዱ ለክልልና ለከተማ ድርሻቸውን በሥርዓት ስላስቀመጠ ማዕከሉን ለምነው የሚያገኙት ገንዘብ አልነበረም። የድጎማ ቀመሩም ጉድለቶች ቢኖሩበትም ለክርክር ክፍት በሆነ ምክር ቤት ይወሰናል። ማዕከሉ ጌታ የሚሆነው ደንብ በሌለበት ቦታ ነው፤ የልዩ ድጋፍ ገንዘብ በየዓመቱ በውሳኔ ሲመደብ ክልሉ ደጅ ጠኚ ይሆናል። ስለዚህ የማዕከልን ኃይል የሚገድበው ቅንጅትን መተው አይደለም፤ ቅንጅቱን በሕግ መጻፍ ነው።

ከሰባት አሥርት ዓመታት ልምድ ሦስት ነገሮች በግልጽ ይወጣሉ። የነዳጅ የጥገና ክፍያው ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ እንዲስተካከል ሕጉ ይደንግግ። ከፈንዱ ለወረዳና ለቀበሌ መንገድ የታወቀ ድርሻ ይለይ፤ ወረዳውም ገንዘቡን ለሌላ እንዳያውለው በየዓመቱ ለነዋሪው ሒሳብ ያሳይ። ማንኛውም መንገድ በማንም ገንዘብ ቢሠራ፣ የመሠረት ድንጋይ ከመጣሉ በፊት ግንባታውን፣ ካሳውንና የ20 ዓመት ጥገናውን የሚከፍለው አካል በስም ተጽፎ በፊርማ ይጽና። አውራ ጎዳና ሲቋቋም የተሰጠው ተልእኮ የብዙ ካዝናን ገንዘብ ወደ አንድ ሥራ ማገናኘት ነበር። ይህን ተልእኮ ለአስፋልቱ ፈጽሞታል፤ አሁን የቀረው እስከ ቀበሌዋ የጠጠር መንገድ ማድረስ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው አዲስ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለጥገናው ኃላፊነቱን በስም የሚወስድ አካል ነው።